ሐኪሙ አያታችን የት ተመዝግበዋል?

ከአዲስ አበባ የሚወጡ አራት መንገዶች አራት ከተሞችን ያቋርጣሉ፤ የደሴው ሰንዳፋን፣ የጎጃሙ ሱሉልታን፣ የአምቦው ቡራዩን፣ የጅማው ሰበታን። ዛሬ እነዚህ ከተሞች በፋብሪካ፣ በመጋዘንና በአዳዲስ ሰፈሮች ተጨናንቀዋል። የዛሬ ስድሳ ሰባ ዓመት ግን እንዲህ ያለ የመንገድ ዳር ከተማ ማለት በግራና በቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ሳምንታዊ ገበያ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት ጠጅ ቤቶች ማለት ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ሌሊት በሩ የሚንኳኳ አንድ ሰው ይኖራል። ምጥ የጠናባትን በቃሬዛ ያመጡለታል፤ ተስቦ የጣለውን ደግፈው ያደርሱለታል፤ ገበያ ውስጥ በዱላ የተፈነከተውም መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ሕዝቡ «ሐኪም» ይለዋል። ሚስቱም «የሐኪሙ ባለቤት»፣ ልጆቹም «የሐኪሙ ልጆች» ተብለው ያድጋሉ።

ዛሬ የዚያ ሰው የልጅ ልጆች አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ተበትነው ይኖራሉ። ብዙዎቹ አያታቸው ማን እንደነበሩ በሚገባ ለማወቅ ይፈልጋሉ። በእጃቸው ያለው ግን አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍና «አያታችን ሐኪም ነበሩ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነች። የት ተማሩ? ማን ቀጠራቸው? ስንት ዓመት አገለገሉ? ለምን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ተዛወሩ? የሚያውቅ አይገኝም። ወደ መንግሥት መዝገብ ሲኬድ ስሙ አለ፣ ሰውዬው ግን የለም፤ ወደ ቤተሰብ ሲመጣ ሰውዬው አለ፣ ማስረጃው ግን የለም። የትንሽ ከተማ ሐኪሞቻችን ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ የቀረ ታሪክ ነው። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኝ ሥራ ደግሞ የሚያስታውሱት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ካልተሠራ በኋላ አይሠራም።

ማንን ነው የምንፈልገው?

ፍለጋው ብዙ ጊዜ ገና ሲጀመር የሚሰናከለው የተሳሳተ መዝገብ በመግለጥ ነው። «ሐኪም» የተባሉ አያት በዲግሪ የተመረቁ ዶክተር ይመስሉናል። የአገራችን የሕክምና ታሪክ ግን ይህ የመሆኑ ዕድል ጠባብ እንደሆነ ያሳያል።

ከአድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ቁስለኞችን ለማከም መጣ፤ የእሱ ሥራ ለዘመናዊ ሆስፒታል መሠረት ጣለ። በ1902 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በ1910ዎቹ አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ በጉለሌ ሆስፒታል አሠሩ። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ዶክተሮቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በአዲስ አበባ፣ በሐረርና በሚስዮን ጣቢያዎች አካባቢ ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀው በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩም ጭምር ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ኅዳርን የምናጥነው ያን ዘመን ይዘን ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን በአገር ውስጥ ዶክተር የሚያሠለጥን የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከ1960ዎቹ በፊት ሰንዳፋን ወይም ሱሉልታን በመሰለ ከተማ «ሐኪም» የተባሉ ሰው ከሦስቱ አንዱ የመሆናቸው ነገር ያመዝናል፤ ድሬሰር፣ የጤና መኮንን ወይም የባህል መድኃኒት አዋቂ። ሦስቱም የተለያየ ዱካ ትተው አልፈዋል። አያታችን ከየትኛው ወገን እንደነበሩ ሳይለዩ መፈለግ ድካምን ያበዛል እንጂ የትም አያደርስም።

ድሬሰሩ

የገጠሩንና የትንሽ ከተማውን ሕክምና ለአሥርት ዓመታት የተሸከመው ድሬሰር ነው። ድሬሰሩ ሙያውን የቀሰመው በሆስፒታል ውስጥ፣ በሚስዮን ክሊኒክ ወይም በጦር ሠራዊት ነበር። ቁስል ማጠብና ማሰር፣ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት መለካት፣ ስብራት ማሰር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱን አቅም አውቆ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል መላክን ይማራል። ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ክሊኒክ ውስጥ ብቻውን ይመደባል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የዚያን ዘመን በሽታዎች ማስታወስ ያስፈልጋል። ብርድ በሚጸናበት፣ ሰው ልብሱን ደራርቦ በሚተኛበት ደጋ ተስቦና ግርሻ በቅማል ከቤት ወደ ቤት ይዛመቱ ነበር። ቂጥኝ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የሕፃናት ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ፈንጣጣም ነበሩ። ድሬሰሩ የሚመክታቸው በሰልፋ፣ በፔንስሊን፣ በጂቪና በዲዲቲ ነው። መርፌውን በፕሪመስ ላይ በፈላ ውኃ ቀቅሎ ይወጋል። በአካባቢው ሌላ ባለሙያ በሌለበት ጊዜ ፖሊስ የተደበደበን ሰው ይዞ የሚመጣው ወደ እሱ ነው፤ ለፍርድ ቤት የሚቀርበውን የጉዳት ማስረጃም እሱ ይጽፋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለፈላጊ ትልቅ ትርጉም አለው። የድሬሰሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ፊርማና ማዕረግ የጤና ቢሮ ባልሆነ ቦታም፣ በአሮጌ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ሌላው ዱካ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ነው። ቤተሰብ «ሐኪም» የሚላቸው ሰው በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ «ድሬሰር» ወይም «ረዳት» ተብለው ተጽፈው ስለሚገኙ ብዙ የልጅ ልጆች ዝርዝሩን አይተው «እሳቸው አይደሉም» ብለው ያልፋሉ። አንዳንዱም ማዕረጉ ዝቅ ያለ መስሎት ያፍራል። ሊያፍር አይገባም። በአንድ ክፍል ክሊኒክ፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ ያለ አማካሪ፣ ያለ አምቡላንስ የሰውን ነፍስ ያቆየ ሰው በዲግሪ ከተመረቀው ያነሰ አክብሮት አይገባውም።

የጎንደር ልጆች

የጤና መኮንኑ ታሪክ በተሻለ ሁኔታ ተመዝግቧል። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ በወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በዚያ አስደንጋጭ እልቂት ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ተባብረውበታል። ሐሳቡ ለዘመኑ አዲስ ነበር። ዶክተር እስኪበዛ ከመጠበቅ፣ አንድ የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ሳኒታርያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ በየጤና ጣቢያው ማሰማራት የሚል ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ነበር የታቀደው።

ከጎንደር የወጡት ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። መኮንኑ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ያስተዳድራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ቤት ለቤት ትዞራለች። ሳኒታርያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል፣ የሥጋ ቤቱን ንጽሕና ይቆጣጠራል። ሕዝቡ «ዶክተር» የሚለው መኮንኑን ነው፤ የቤተሰብ ትውስታም ብዙ ጊዜ በዚሁ ቃል ያቆየዋል። ሥልጠናው በደርግ ዘመን ተቋርጦ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ እንደገና ተጀምሯል፤ ኮሌጁም አድጎ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ ሆኗል። አያቱ የጤና መኮንን እንደነበሩ የሚጠረጥር ሰው ከየትኛውም መሥሪያ ቤት በፊት መጠየቅ ያለበት ጎንደርን ነው፤ በየትኛው ዓመት እንደገቡ፣ ከማን ጋር እንደተመረቁ፣ መጀመሪያ የት እንደተመደቡ የሚያስታውሱ የትምህርት ጓደኞች ፍለጋም የሚጀመረው ከዚያው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴት አያቶች በእጥፍ ይረሳሉ። ነርሷ እያለች ከተማው የሚያወራው ስለ መኮንኑ ነው። በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ በባሏ ስም የሚፈልጋት የልጅ ልጅ መቼም አያገኛትም። የአባቷን ስም ይዞ የሄደ ግን ሙሉ ማህደሯን ሊያገኝ ይችላል። እዚህ ላይ የልምድ አዋላጆችም መነሳት አለባቸው። ደመወዝ አልነበራቸውም፣ ማህደርም የላቸውም። ይሁን እንጂ በአንድ ቀበሌ ውስጥ የሁለት ትውልድ ሕፃናትን የተቀበሉት እነሱ ናቸው። የእነሱ መዝገብ የሰው አፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀድመው ሊጠየቁ የሚገባቸው የእነሱ ልጆች ናቸው።

መድኃኒት አዋቂው

ሦስተኛው ወገን ደብተራው፣ ወጌሻውና ሥር ማሹ ነው። በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት በገዳማት፣ በግለሰብ ቤትና በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ተበትነው ይገኛሉ። ዕውቀቱ ለሁሉም ልጅ አይተላለፍም፤ አባት የሚተማመንበትን አንዱን መርጦ፣ አንዳንዴም በመጨረሻ ሰዓቱ፣ ያወርሰዋል። ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንደኛው የዘር ቅርንጫፍ ሁሉን ሲያውቅ ሌላው ምንም ላያውቅ ይችላል። ዘመናዊውና ባህላዊውም ሁልጊዜ የተለያዩ አልነበሩም። የወጌሻ ልጅ ድሬሰር የሆነበት፣ የደብተራ ልጅ ጎንደር ገብቶ የጤና መኮንን የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ፈላጊው አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሲሄድ ሙያው ከነጭ ጋውን ወደ ብራና ቢለወጥበት ሊደነግጥ አይገባም።

በጠባሳ የተገኘው ሐኪም

ሐኪምንና የትውልድ ፍለጋን አንድ ላይ የሚያነሳ ኢትዮጵያዊ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ሊያልፈው አይችልም። በእሳቸው ታሪክ ፍለጋው በተቃራኒው ነው የተካሄደው፤ ቤተሰቡን ያጣው ሐኪሙ ራሱ ነበር።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። በዚያ ቀውጢ ከወገናቸው ተለያይተው በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ። አሳዳጊው ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርት ወጪያቸውን ሸፈነ፤ «ቻርለስ ማርቲን» ከሚለው ስማቸው «ማርቲን» የመጣው ከዚህ ነው። በላሆር ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ ከዚያ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው ሠሩ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው።

የአድዋ ድል ዜና ዓለምን ሲያዳርስ የትውልድ አገራቸው ጥሪ በረታባቸው። በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ መጥተው ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። አንድ ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መመለሱ ሲወራ አያታቸው ከጎንደር ድረስ መጡ። የለዩዋቸው በገላቸው ላይ ከልጅነት ጀምሮ በነበሩት ጠባሳዎች ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጠፋ ልጅ ያለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ከእነ አባቱ ስም ለወገኑ ተመለሰ።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ የፍልውኃን መታጠቢያ አሳደጉ፤ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት ሠሩ፤ ጨርጨርን ገዙ፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ተሟገቱ። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ። የታሪክ ምሁሩ ፒተር ጋረትሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው የሕይወት ታሪካቸው ሊጻፍ የቻለው ሐኪሙ ራሳቸው የዕለት ማስታወሻና የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ትተው በማለፋቸው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ አንድ ሰው በሁለት ስም በሁለት አገር መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝ ሰነድ ቻርለስ ማርቲንን፣ በአማርኛ ሰነድ ወርቅነህ እሸቴን የማይፈልግ ሰው ግማሽ ሕይወት ብቻ ያገኛል። ሁለተኛው፣ የቤተሰብ ትውስታ ማስረጃ ነው። የእኒያ አያት ዓይን የትኛውም መሥሪያ ቤት ሊያደርገው ያልቻለውን አድርጓል።

የተበጠሰው ትውልድ

የሐኪም ወርቅነህ ታሪክ ሌላም የሚያሳየው ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ሁለቱን ልጆቻቸውን ብንያምንና ዮሴፍን በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ገደሏቸው። በየካቲት 12ቱ እልቂትና ከእሱ በኋላ በነበሩት ወራት ወራሪው በተለይ የተማረውን ወጣት እያሳደደ ፈጅቷል። ከጦርነቱ በፊት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ሐኪሞችና ረዳቶች የት እንደደረሱ ለማወቅ የሚፈልግ ቤተሰብ ዱካው በድንገት የሚቆረጥበት ዓመት ብዙውን ጊዜ ይኸው 1929 ነው። 

ሁለተኛው መበጠስ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣ ነው። በአብዮቱ፣ በቀይ ሽብርና በስደቱ ዘመን ብዙ የጤና ባለሙያ ታሰረ፣ ተገደለ ወይም አገር ለቀቀ። ቤተሰብም ለደኅንነቱ ሲል ፎቶግራፍና ደብዳቤ አቃጠለ። አያት በሰነድ ድህነት የጠፉ መስሎን የምናዝንበት ነገር አንዳንዴ ሆን ተብሎ፣ ልጆችን ለማዳን ሲባል የተደረገ ነው። ይህንንም ማወቅ የቤተሰቡ ታሪክ አካል ነው።

ስምና ዘመን

በእንግሊዝ አገር ከ1858 እ.ኤ.አ. የሕክምና ሕግ ወዲህ የሐኪሞች መዝገብ በየጊዜው እየታተመ ይወጣል። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም የሞቱ ሐኪሞችን የሚመለከት ከ1864 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የሚደርስ የካርድ ስብስብ አቆይቷል። በአንዲት የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ያከመ ሰው የልጅ ልጅ የቤተሰቡን ስም ይዞ ካርዱን ያወጣል። የእኛ መንገድ ሌላ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም በተግባር አልዋለም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ የእኛ ፈላጊ አራት ነገር ይዞ መነሳት አለበት፤ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ከተገኘም ቅጽል ወይም የፈረስ ስም። አያቱ የሃይማኖት ወይም የስም ለውጥ አድርገው እንደሆነም ይጠይቅ። በኦሮሞ አካባቢ ተወልደው ትምህርት ቤት ሲገቡ ሌላ ስም የተሰጣቸው ብዙዎች ናቸው፤ በማህደሩ ያለው የትምህርት ቤቱ ስም ሲሆን ዘመድ የሚያውቃቸው በትውልድ ስማቸው ነው። ዘመንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሚስዮን ሪፖርት የተጻፈው ዓመትና በጠቅላይ ግዛቱ ደብዳቤ የተጻፈው ዓመት በሰባት ወይም በስምንት ይለያያሉ። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ስለ ሁለት ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ።

ወረቀቱ የት ገባ?

የዚህ ጉዳይ ሕዝባዊ ገጽታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ከተሞች አስተዳደር በአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ? በንጉሡ ዘመን የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን የሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ከ1983 በኋላ የኦሮሚያ ክልል፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ አካባቢው የሸገር ከተማ ሆነ። በእያንዳንዱ ለውጥ ማህደር ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይጓዛል፤ በየጉዞው ደግሞ የተወሰነው ይቀራል፣ የተወሰነው «አሮጌ» ተብሎ ይወገዳል። አንድ አሮጌ ክሊኒክ ፈርሶ በቦታው አዲስ ጤና ጣቢያ ሲሠራ አዲሱ ሕንፃ ይመረቃል፤ ከአሮጌው የወጣው የሕሙማን መዝገብና የሠራተኛ ዝርዝር ግን ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ አይገኝም።

ቢሆንም በር ሁሉ አልተዘጋም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሕግ ስለቆመ፣ ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ሰው የአገልግሎት ዘመኑን የሚያሳይ ማህደር ሊኖረው ይገባል። የባሏን ጡረታ ስትቀበል የኖረች አያት ያለችበት ቤት የጡረታ ደብተሩን ከሣጥን ግርጌ ይፈልግ፤ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው ቁጥር ለሌላው ማህደር ሁሉ ቁልፍ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር የምንለው፣ የቀድሞ ጋዜጦችን ይዟል። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው ብርሃንና ሰላም፣ ከ1933 ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን የምረቃ፣ የሹመትና የሽልማት ዜና ይዘው ይወጡ ነበር። በሚስዮን ለሠለጠኑት ደግሞ ወደ ስዊድን፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላም አገር የተላኩ ዓመታዊ ሪፖርቶች አሉ። በውጭ አገር የሚኖር የልጅ ልጅ እነዚህን ለማየት ከማናችንም የቀረበ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተከፈቱት የቀበሌ የቤት ማህደሮችም የባለቤቱን ስምና ሥራ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ከሁሉም ይልቅ ችላ የተባለው ግን የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር የአባሉን ስም፣ ቤተሰቡንና የሞተበትን ቀን በጥንቃቄ ይጽፋል፤ መንግሥት ሲለዋወጥም ማህደሩን አያዛውርም። የአንድ ትንሽ ከተማ ሐኪም መቼ እንደሞቱ፣ ማን እንደቀበራቸው፣ ስንት ልጆች እንደተዉ ከዕድር ጸሐፊ ደብተር በተሻለ የሚነግረን ሰነድ ጥቂት ነው።

ትውልድ የምንቆጥረው ለምን ነበር?

ቅድመ አያቶችን መቁጠር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአማራው ዘንድ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ በርስት አገር ደግሞ ባላባቱ ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም በኩል ቆጥሮ የመሬት ድርሻውን ይጠይቃል። በሰንዳፋና በዙሪያዋ ያለው የቱለማ ኦሮሞም ጎሳውንና የአባቶቹን ስም በቃሉ ይዞ ያድጋል። ያ ዕውቀት ጸንቶ የኖረው ጥቅም ስለነበረው ነው፤ መሬትና ጋብቻ ይጠብቁት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ ትውልድ መቁጠር አንዱን ትልቅ ምክንያቱን አጣ። የከተማ ኑሮ ሌላውን አሳሳው።

በሙያ የሚታወቁ አያቶች ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቀድሞም ቦታ አልነበራቸውም። የዘር ቆጠራ «የእገሌ ልጅ» ይላል እንጂ «የእገሌ ከተማ ሐኪም» አይልም። ድሬሰሩ ብዙ ጊዜ በተመደበበት ከተማ እንግዳ ነው፤ ርስቱ ሌላ ቦታ፣ ሥራው ሌላ ቦታ ነው። ዘመዶቹ ዘሩን ያውቃሉ፣ ሥራውን አያውቁም። የከተማው ሰው ሥራውን ያውቃል፣ ዘሩን አያውቅም። የልጅ ልጅ ሁለቱንም ቦታ ካልሄደ አያቱን ሙሉ አድርጎ አያገኛቸውም። በትውልድ መንደራቸው ስለ ቤተሰቡ፣ በሠሩበት ከተማ ስለ ሰውነታቸው መጠየቅ አለበት። ጥያቄውም ቢጠበብ ይሻላል። «አያቴን ያውቋቸዋል?» ከማለት «ልጅ ሆነው ሲታመሙ ማን አከመዎት? ክሊኒኩ የት ጋ ነበር? ክትባት ማን ወጋዎት?» ብሎ መጠየቅ የአረጋዊን ትዝታ ይከፍታል።

መደረግ ያለበት

ይህ ሥራ በየቤተሰቡ ጥረት ብቻ አይሳካም። የአንድ ከተማ ሐኪሞች ዝርዝር የዚያ ከተማ የጤና ታሪክ ነው። የትኛው ወረርሽኝ መቼ እንደገባ፣ ክትባት መቼ እንደደረሰ፣ የመጀመሪያዋ ነርስ ማን እንደነበረች፣ ከዚያ በፊት ሕዝቡ ወዴት ይሄድ እንደነበር የምናውቀው ከእነሱ ነው። አንድ ከተማ ይህን ታሪኩን ካጣ ዛሬ ያለው አገልግሎት ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ የሠሩለትንም ያለ ምስጋና ያልፋል።

ስለዚህ የሸገር ከተማና የሰንዳፋ አካባቢ የጤና ጽሕፈት ቤቶች በእጃቸው ያለውን አሮጌ መዝገብ ከማስወገዳቸው በፊት ለቤተ መዛግብት ያሳውቁ። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ከተከፈተ ጀምሮ የሠሩትን ባለሙያዎች ስም፣ ከጽዳት ሠራተኛው እስከ ኃላፊው፣ ዘርዝሮ በግድግዳው ላይ ይስቀል፤ ይህ ከባድ በጀት አይጠይቅም። በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በጅማ የሚማሩ የጤና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የአንድ ጡረተኛ ባለሙያን ታሪክ በድምፅ ቢቀዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገር የሚያኮራ ስብስብ ይኖረናል። ዕድሮችም ደብተሮቻቸውን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

በተለይ አንድ ጥፋት እንዳይደገም መጠንቀቅ አለብን። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ከ30,000 በላይ ባለሙያዎች፣ አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተሰማርተዋል። ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባት ያስከትባሉ፣ እናቶችን ይመዘግባሉ፣ የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የእነሱ የልጅ ልጆችም «አያቴ የት ሠሩ?» ብለው ይነሳሉ። ዛሬ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የሠሩበትን ቀበሌና ዓመቱን በአግባቡ ጽፈን ካቆየን ያ ጥያቄ በአንድ ቀን ይመለሳል። የድሬሰሮቻችንና የጤና መኮንኖቻችን ጥያቄ ግን ቀነ ገደብ አለው፤ መልሱ ያለው በሰማንያና በዘጠና ዓመት አረጋውያን ዘንድ ነው። አያቱ ሐኪም እንደነበሩ የሰማ ሁሉ በዚህ ሳምንት ስልክ ይደውል፣ ይጠይቅ፣ ይጻፍ።